ብልግና በማመልከቻ ሲመዘገብ

በዚህ ዓለም ላይ ባለጌን ወረፋ አስይዞ፣ ቅጽ አስሞልቶ፣ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘህ ና» ብሎ ለመመዝገብ የሚነሳ ፍጡር አንድ ብቻ ነው፤ ኮሚቴ! ሌላው ሰው ሁሉ ያፍራል። ኮሚቴ ግን አያፍርም። በምኑ ይፈር? ሰባት ሰው ተሰብስቦ አንድ ፊት እንኳ ማዋጣት ያቅተዋል እኮ! ይህን የምለው ከዳር ቆሜ እንዳይመስላችሁ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በእኔው እጅ ነው፤ ልካድ ብልም ጽሕፈቴን ቆቦ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን «ይሄ ሙቀት አንድ ዓመት አያቆየኝም!» እያልኩ ስፎክር ሰነበትኩና የቆቦዋን ልጅ ትርንጎን አገባሁ። ፉከራው እዚያው ላይ ቆመ። ትርንጎ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሀገሩ ሁሉ ሲስተር ትርንጎ ይላታል። እኔን ደግሞ «የሲስተር ባል» ይሉኛል፣ መምህርነቴ ትዝ የሚላቸው ማተሚያ ማሽን ሲበላሽ ነው።

ከተማችን የራሷ ድረ ገጽ አላት። አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ሠራው፣ ሪባን አስቆረጠ፣ ቲሸርት አደለና ሄደ። እንክብካቤው ለእኔ ተሰጠ፤ በነፃ መሆኑ ነው። በውስጡ የማሽላና የጤፍ ዋጋ አለ፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ አለ፣ የኳስ ውጤት አለ (ስንሸነፍ ትንሽ ይዘገያል)። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ አድራሻ አለው። ከእነዚህ አንዱ የትርንጎ ነው። «እናትና ልጅ» ይላል።

ትርንጎ ይህን ገጽ ያዘጋጀችው አንጀቷ እያረረ ነው። በእኛ ቆላ ሴት ምጥ ሲይዛት ዱበርቲዎቹ፣ እነዚያ ደጋግ እናቶች፣ ተሰብስበው ይለምኑላታል። ወንዱ ከግቢ ይወጣል። ልመናው ደግ ነው፤ ማንም ክፉ አይለውም። ችግሩ ባጃጅ የሚጠራው ያ የወጣው ወንድ መሆኑ ነው። ስልኩ ያለው በእሱ የደረት ኪስ ውስጥ ነው። «እንሂድ» የሚለውም እሱ ነው። መቼ መባል እንዳለበት ግን አያውቅም! ብትነግረው ደግሞ «የሴት ጉዳይ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ትርንጎ ስንቷን ሴት ከሮቢት ማዶ ካሉ መንደሮች ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ተቀብላ፣ ማታ ቤት ገብታ ሳትበላ ትተኛለች መሰላችሁ?

ስለዚህ ለወንዶቹ ጻፈችላቸው። አደገኛ ምልክቶቹን ከነሥዕላቸው፣ በቀላል አማርኛ፣ ማንበብ ለማይችለውም በራሷ ድምፅ ቀርጻ አስቀመጠች። ስንት ሰው አየው? እሷ፣ እኔና በስህተት የማሽላ ዋጋ ሲፈልግ የገባ አንድ ነጋዴ። እኔም ብሆን የምገባው ፊደል ለማረም ነበር።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን ከላይ አሰልጣኝ መጣ። ከላይ የሚመጣ አሰልጣኝ ታውቁታላችሁ መቼም... ላፕቶፑን ከፍቶ «ያዛችሁኝ?» እያለ ሁለት ቀን የሚውል። ርዕሱ «ኢንተርኔትና የወጣቱ ሥነ ምግባር» ነበር። ወጣቶች በየቢሮው አጥር ስር ተደርድረው በነፃ ዋይፋይ ምን ሲያዩ እንደሚውሉ ዘረዘረልን። ዝርዝሩ ትንሽ ረዘም አለብኝ፤ ጥናቱ በደንብ ተሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ መድኃኒቱን አመጣ።

«በውጭው ዓለም» አለ ጣቱን ወደ ጣሪያው ቀስሮ፣ «የብልግና ድረ ገጾች የራሳቸው የአድራሻ ማለቂያ ተሰጥቷቸዋል! የንግዱ በዚህ ያልቃል፣ የትምህርቱ በዚያ ያልቃል፣ የብልግናው ደግሞ በሦስት ኤክስ ያልቃል። ያቺን ማለቂያ ዘጋህ ማለት ብልግናን በሙሉ ዘጋህ ማለት ነው! ያዛችሁኝ?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እስከ ዛሬ የት ነበርን? እኔ ግን ነገሩን ትንሽ አውቀው ነበር። ወደዚያ ማለቂያ ግባ ብሎ ያስገደደው ሰው እንዳልነበረ፣ የገባውም ቢሆን የድሮ አድራሻውን ሳይዘጋ አዲሱን ደርቦ እንደያዘ፣ ማለትም አንድ የነበረው በር ሁለት እንደሆነ አውቅ ነበር። እጄን አነሳሁ። የምሳ ሰዓት ሆኗል ተባለ። አወረድኩት። ምሳው ጥብስ ነበር።

ከዚያች ቀን በኋላ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የአንድ ጽሕፈት ቤት (የጽሕፈት ቤቱ ስም ይቆየን) ኃላፊ አቶ ሞላ ሆኑ። አቶ ሞላ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ጨዋነታቸውን ደግሞ ሰው እንዲያይላቸው ይፈልጋሉ። ሻይ ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ሲመጣና ሴትዮዋ ትከሻዋን ስትታጠብ፣ ወንበራቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ይዞራሉ። ማስታወቂያው ማለቁን ሰው እስኪነግራቸው ድረስ ግድግዳውን ያያሉ። ንግግራቸው ሁሉ «በአጽንኦት» ነው። ሻይ እንኳ በአጽንኦት ነው የሚያዙት።

የመጀመሪያው ስብሰባ በከተማችን ድረ ገጽ ላይ የብልግና የሆነ ሁሉ የሚገባበት አንድ ልዩ አድራሻ እንዲከፈት ወሰነ። ሁለተኛው ስብሰባ ስሙ ምን ይባል በሚለው ላይ ተጣልቶ ተበተነ። «ብልግና» የሚለው ራሱ ብልግና ነው ተባለ። «ለአዋቂ» ሲባል ደግሞ አንዱ አባል «እኔም አዋቂ ነኝ፣ ታዲያ ልግባ?» ብሎ ተቆጣ። በሦስተኛው ስብሰባ «ነውር» በሚለው ተስማማን። እኔም ጻፍኩ።

ያን ጊዜ ነው ሼህ ሰይድ የተናገሩት። ሼህ ሰይድ ከሃይማኖት አባቶች የተወከሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሦስቱንም ስብሰባ ዝም ብለው ነው የሰሙት።

«ቢስሚላህ... እንግዲህ እኔ የማላውቀው ነገር ነውና አፉ በሉኝ» አሉ። «በሩ ተሠራ። እሺ። አሁን ያ ባለጌ፣ ባለጌዎች በዚህ ግቡ ስላላችሁት ነው የሚገባ?»

«ግዴታ ነው ሼሃችን» አሉ አቶ ሞላ። «መመሪያ ይወጣል።»

«መመሪያ የሚሰማ ሰው ነው እንዴ ባለጌው?»

«ይሰማል! በአጽንኦት ይነገረዋል።»

«ኧረ በአላህ! እስቲ ሰምቶ ገባ እንበል። የቆቦው ባለጌ ገባ። የባሕር ማዶውስ ባለጌ? እሱንም ቀበሌ ልትጠሩት ነው?»

አቶ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይህ የቴክኒክ ጥያቄ ስለሆነ መምህር ይመልሰዋል» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነቱ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሼሁ ያሉት ልክ ነው፣ ይሄ ነገር ከንቱ ነው፣ ወደ ሥራችን እንመለስ ማለት ነበረብኝ። ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «በሂደት የሚፈታ ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት! አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬ!

ቅጹ ተባዝቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ቀበሌ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የነውሩ ዓይነት (ምስል፣ ድምፅ፣ ጽሑፍ)፣ የዋስ ስምና ፊርማ። አዎን፣ ዋስ! ባለጌ ሆኖ ለመመዝገብ ታዋቂ የሆነ ዋስ ማቅረብ ያስፈልጋል። መስኮት ተመደበ፣ መዝገብ ተገዛ፣ ማኅተም ተቀረጸ። ሁለት ወር ጠበቅን። አንድ ሰው መጣ። ከጎብዬ የመጡ አዛውንት ሲሆኑ የፈለጉት የልደት የምስክር ወረቀት ነው፤ መስኮት ተሳስተው። መስኮቱ ላይ የተመደበችው መዝጋቢ «የነውሩ ዓይነት ምንድን ነው አባ?» ስትላቸው ከዘራቸውን አነሱ። አስታራቂ ገብቶ በስንት ልመና በረዱ።

የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ደረሰ። አቶ ሞላ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«መምህር፣ የተመዘገበ ስንት አለ?»

«ምንም።»

«ምንም ብለን ልንልክ ነው? በሩን ሠርተን ባዶ ነው ልንል?»

«ባዶ ነዋ አቶ ሞላ! ከተማችን ነውር የላትም ብለን እንላክ። ያኮራል እኮ።»

«ነውር ከሌለ ኮሚቴው ለምን ተቋቋመ አይሉም?» ብለው ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። የከተማውን ድረ ገጽ ከላይ እስከ ታች አስከፈቱኝ። ማሽላ... ጤፍ... ኳስ... መታወቂያ... «እናትና ልጅ» ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የባለቤቴ ነው። ስለ ወሊድ ታስተምርበታለች።»

«ጡት ይላል።»

«ጡት ስለ ማጥባት ነው የሚለው።»

«ማጥባቱን ተወው። ጡት ይላል፣ አይልም?»

«ይላል።»

«ማህፀንም ይላል። ሥዕልም አለው። እኔ ሥዕሉን አላየሁትም» አሉ፤ ወዲያው ወደ ግድግዳው ዞረዋል። «አዛውረው።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር፣ አውቃለሁ፤ እናንተ ግን በዓመቱ መጨረሻ የዝውውርና የእድገት ፊርማ ከአቶ ሞላ አትጠብቁም። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ገጿን ከጤናው ክፍል ነቅዬ ነውር ውስጥ ተከልኳት። ፊት ለፊቷ ላይ በቀይ ቀለም «ተጠንቀቁ! ይህ የነውር ክፍል ነው። ዕድሜዎ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ነው?» የሚል አደረግሁ። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ «አዎ» እና «አይደለም»። ገጹን በዋይፋዩ ላይ የሚዘጋው ዕቃ ግዥ ላይ ነው ስለተባለ፣ ለጊዜው ብልግናን የሚያግደው የሰው ሐቀኝነት ብቻ ነበር።

መዝገቡም ተሞላ፤ ግልባጩም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ተራ ቁጥር አንድ። የነውሩ ባለቤት፦ ሲስተር ትርንጎ። ዋስ በሚለው ላይ ደግሞ... ያው፣ ታዋቂ ሰው ያስፈልግ ነበር... የእኔ ፊርማ።

ትርንጎ የሰማችው በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ጤና ጣቢያ ያለች የሥራ ባልደረባዋ ሰሌዳው ላይ አንብባ ነግራታለች። እኔ እጄን ታጥቤ ቁጭ ብያለሁ።

«ነውር ነኝ?» አለች በሩ ላይ እንደቆመች።

«አንቺ አይደለሽም የኔ ዓለም፤ ገጽሽ ነው።»

«የገጹ ባለቤት ማን ናት?»

«ለሪፖርት ያህል ነው። ቁጥር እንዲሞላ...»

«ዋሴስ ማነው?»

የታጠበ እጄን በፎጣ ማድረቅ ጀመርኩ።

«አንተን እኮ ነው የምጠይቅ! ሴት ደም ሲፈሳት ይዛችኋት ኑ ብዬ የጻፍኩትን፣ ባሌ ብልግና ነው ብሎ ፈረመበት! እስከ ዛሬ አያነቡትም ነበር። አሁን ደግሞ ያነበበ ባለጌ ሊባል ነው። ማን ይነካዋል ከእንግዲህ?» አለች። ትርንጎ ስትቆጣ አልፈራም፤ ለምጄዋለሁ። ዓይኗ እንባ ሲሞላ ግን መግቢያ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አላናገረችኝም። የሚነገረኝ ነገር ሲኖር ለዶሮዎቹ ትነግራቸዋለች፣ እኔ ከዶሮዎቹ እሰማለሁ። ሽሮዬንም ራሴ ሠራሁ፣ ራሴ አሳረርኩት። እሷ ገጿ ወደ ቦታው እንዲመለስ ለኮሚቴው ባለ ሁለት ገጽ ማመልከቻ አስገባች። ማመልከቻውን ወደ መዝገብ የከተትኩትም እኔ ነኝ።

አሁን ኮሚቴ ብቻ ሊያስበው የሚችለውን ነገር ስሙኝ። በገበያ ቀን፣ ማሽላው በተራገፈበት፣ ከአፋር የመጣው ግመል በተደረደረበት፣ ቆላው በሙሉ ቆቦ ላይ በፈሰሰበት ሰዓት፣ ባጃጅ ላይ ማይክራፎን ተጭኖ ወጣ።

«ማሳሰቢያ! ማሳሰቢያ! በከተማችን ድረ ገጽ ላይ ነውር በሚባለው አድራሻ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው! ወገኖቻችን በስህተት እንዳትገቡ አድራሻውን እንነግራችኋለን!»

ነገረ! ፊደል በፊደል ነገረ! ነጥቧን ሳያስቀር! ያልሰማ ካለ ብሎ በፍየል ተራ ዞረ፣ በጨው ተራ ዞረ፣ በመናኸሪያው ሁለት ጊዜ ዞረ። አንድ ገበሬ «ቀስ በል ወንድም፣ የመጨረሻዋን ድገማት፤ በስህተት እንዳልገባ ነው» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደገመለት።

ከሰዓት በኋላ የገጹን ቆጣሪ አየሁት። የተበላሸ መስሎኝ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። አልተበላሸም። ወደ ውጭ ወጣሁ። እናንተዬ... በየዛፉ ሥር ወንድ! አንዱ ለአንዱ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ጋቢውን በራሱ ላይ ጥሎ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ! «አዎ» የምትለዋን ቁልፍ በዚያን ቀን የጫኗትን ያህል በዕድሜያቸው ሚስቶቻቸውን አዎ ብለው አያውቁም።

ገብተው ያገኙት ምንድን ነው? ያበጠ እግር! የነፍሰ ጡር እግር፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያበጠ፣ በቀስት ምልክት የተደረገበት! የትርንጎ ድምፅ፣ «ውድ ባሎች ሆይ፣ የባለቤታችሁን እግር አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ሲል! እኔማ ተሳድበው ይወጣሉ ብዬ ነበር። አልወጡም። ለካ ወንድ ልጅ የሚፈልገው ነገር ከታች ነው ብሎ ካሰበ አንድ ፊደል ሳይዘል እስከ መጨረሻው ያነባል። ደም መፍሰሱን አለፈ፣ ብዥታውን አለፈ፣ የእንሽርት ውኃውን አለፈ፣ «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» እያለ ስለ እትብት አቆራረጥ ሁሉ አነበበ።

ደግሞ ማንም ለማንም አልተናገረም። እንዴት ይናገራል? «አትግቡ፣ ስለ ወሊድ ነው» ለማለት መጀመሪያ መግባትን ማመን አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ በየተራው፣ በየግሉ፣ በየጋቢው ሥር ገብቶ ተማረና ወጣ። በሳምንቱ ፀጉር ልስተካከል ሄጄ ሁለት ጎልማሶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሴት እግሯ ካበጠ ዝም አይባልም አሉ።»

«እግር ብቻውን እንኳ ብዙም አይደል። ከፊቷ ጋር ከሆነ ነው» አለ ሌላው።

«አንተ ደሞ ማን ነገረህ?»

«አሉ ነው የምልህ!»

«እኔም አሉ ነው ያልኩህ!»

ሁለቱም መስተዋቱን ትተው መሬት መሬት አዩ። ፀጉር አስተካካዩም እንደነሱ መሬት አየ። ልስቅባቸው ስል እኔም ዋሱ መሆኔ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ያቺ ሐሙስ መጣች። ለእርቅ ይሁነኝ ብዬ የትርንጎን ምሳ ቋጥሬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አንዲት ባጃጅ ጡሩንባዋን እየነፋች ግቢውን ጥሳ ገባች። ከውስጧ አቶ ሞላ ወረዱ። ኮት የላቸውም፣ አንድ እግራቸው ላይ ነጠላ ጫማ፣ ሌላው ባዶ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሽቱን ደግፈዋቸዋል። ወይዘሮ ሽቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናቸው፤ ፊታቸው አብጦ ዓይናቸው ጠቧል።

«ሲስተር!» ብለው ጮኹ አቶ ሞላ። «ሲስተር ድረሽልኝ! ከትናንት ጀምሮ ከባድ ራስ ምታት አላት! ዛሬ ደግሞ ብዥ አለብኝ አለች! ፊቷና እጇም አብጧል! ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢታይ ሳይውል ሳያድር...»

እዚህ ላይ ቆሙ። «ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ!» የሚለውን የጻፈችው ትርንጎ ናት፤ የቃል ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ የገጿ ነው። ትርንጎ አንድ ጊዜ አየቻቸው። ሴትዮዋን ተቀብላ አስተኛች፣ ግፊታቸውን ለካች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። መርፌ ወጋቻቸው፣ አምቡላንስ አስጠራች፣ አብራቸው ወደ ወልድያ ሆስፒታል ሄደች። ምሳዋ እጄ ላይ ቀረ።

አቶ ሞላ በአምቡላንሱ ውስጥ ቦታ ስላልነበረ በሌላ መኪና እስኪከተሉ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች» አሉ። «የሷ እናት ሙቀቱ ነው፣ ይብረድና ነገ ጠዋት ትሄዳለች አሉ። ሁሉም ነገ አሉ። እኔ ግን... እንቢ አልኩ። አቅፌ ባጃጅ ውስጥ አገባኋት።»

«ጎሽ! ከየት አወቁት አቶ ሞላ?»

«ከሬዲዮ» አሉ ቶሎ። ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው አለቀሱ። እኔም ያን ሁሉ ወር ስቄባቸው የከረምኩባቸውን ሰውዬ ትከሻቸውን ይዤ «አብሽሩ፣ አብሽሩ» አልኳቸው።

በማግሥቱ ማለዳ ትርንጎ ተመለሰች። በኦፕሬሽን ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ ትንሽ ናት፣ ግን ደህና ናት። እናትየዋም ተርፈዋል። ትርንጎ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ከብዙ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዶሮዎቹ ሳይሆን ለእኔ ተናገረች።

«ለዛሬ ጠዋት ቢሉ ኖሮ ሁለቱንም አናገኛቸውም ነበር» አለች።

ኮሚቴው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተሰበሰበ። አጀንዳው የትርንጎ ማመልከቻ ነው። አቶ ሞላ በሰብሳቢው ወንበር ላይ አሉ፤ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አያነሱም። ትርንጎ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ገባች። ከነዚያ ሰባት ሰዎች መካከል «አዎ» የምትለዋን ቁልፍ ያልጫነ ሼህ ሰይድ ብቻ እንደሆኑ ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል።

«ማመልከቻዬን አንስቻለሁ» አለች ትርንጎ።

«እንዴት?» አልኩ እኔ፣ ጸሐፊነቴን ረስቼ።

«ገጼ ባለበት ይቆይ። ነውር ውስጥ ተመችቶታል። ጤና ውስጥ ሳለ የዞረበት ወንድ አልነበረም። እንዲያውም የሕፃናት ክትባቱንና የቤተሰብ ምጣኔውንም ገጽ ነውር ብላችሁ መዝግቡልኝ። ቅጹን ሞልቼ መጥቻለሁ። ዋስ አለኝ» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። «ባጃጁም ደግሞ ይዙርልኝ። በደንብ ይከልክል።»

ሼህ ሰይድ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ በሩ ለባለጌ የተሠራ መስሎኝ ነበር። ለካ ለእናንተው ኖሯል!» አሉ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

«የተቃወመ አለ?» አሉ አቶ ሞላ በቀጭን ድምፅ። የተቃወመ የለም። «በአጽንኦት ጸድቋል» አሉና ፈረሙ። እኔም ጻፍኩ። እውነተኞቹ የብልግና ገጾች እስከ ዛሬ አንዳቸውም አላመለከቱም፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነው፣ ማኅተሙም አለ። አሰልጣኙም ቆቦን በምሳሌነት እያነሳ በየከተማው እየዞረ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

ከስብሰባው ስንወጣ አቶ ሞላ እጅጌዬን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ። ግራ ቀኝ አዩ።

«መምህር፣ እዚያ ውስጥ ማን እንደገባ ስሙ ይታያል እንዴ?»

«አይታይም። የሚታየው ቁጥር ብቻ ነው።»

«ተመስገን! እኔ እንኳ አይመለከተኝም፤ ለሌሎቹ ብዬ ነው» አሉና ላባቸውን ጠረጉ። ሄዱ። ሦስት እርምጃ ያህል ተራምደው ተመለሱ።

«እሺ፣ ሲስተርን ጠይቅልኝ። ልጅቷ ከጠባች በኋላ እንዴት አድርገው ነው የሚያስገሷት? ሽቱ ቁስሉ ስላልዳነላት የማቅፋት እኔ ነኝ» አሉ። «ትናንትም ዛሬም እስከ ታች ድረስ ፈለግሁት፤ የለም።»